አማትን ከክፍል የማስወጣት ፈተና

እትዬ ትኬት አንዴ ወንበር ላይ ከተቀመጡ የሚያስነሳቸው ሰው ገና አልተወለደም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሳቸውም አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩት ነው። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መናኸሪያ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ተቀምጠው ትኬት ሲቆርጡ ኖረዋል። ወደዚያች መስኮት ያልመጣ ልመና የለም። እናቴ ታማብኛለች ያለ፣ ሙሽራዬ እየጠበቀችኝ ነው ያለ፣ ያለቀሰ፣ የተሳደበ፣ የአለቃቸውን ስም የጠራ፣ ሁሉም ሰልፉን ይዞ በተራው ሄዷል። ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን ትተው ስሙን ይዘው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም ጠርቷቸው አያውቅም።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ካገባ ሦስት ዓመት ሆነው። ሦስቱም የሚኖሩት አንድ ቤት ነው፤ ከሳሎኑ በስተግራ የእትዬ ትኬት መኝታ ቤት፣ በስተቀኝ የልጃቸውና የሚስቱ። ከቀኝ በኩል የሕፃን ልቅሶ ይመጣል ብለው ጆሯቸውን አቁመው ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ወይ ፍንክች! ለምን እንደቀረ የሚነግራቸውም የለም። ልጃቸውን ሲጠይቁት «እማዬ ደግሞ!» ብሎ አምፖል ሊቀይር ይነሣል። ምራታቸውን ሊጠይቁ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ፈገግ ብላ ሻይ ትቀዳላቸዋለች። ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን ባልና ሚስት ሳሎን ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ ቆይተው፣ እሳቸው ብቅ ሲሉ ጭጭ ማለታቸው ነው። የአገሩን ሁሉ ጉዳይ በመስኮት ሲሰሙ ለኖሩ ሴትዮ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም።

ምራታቸው አዋላጅ ነርስ ናት። በጤና ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ጎን ለጎን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ነው። በቤተሰብ ምጣኔ ላይ ምክር መስጠት የሚማሩ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈለቻቸው። ግማሾቹ እንደ ወትሮው ከሰሌዳ ፊት ተቀምጠው መምህር ሲናገር እየሰሙ ተማሩ። ግማሾቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ባለጉዳይ እየሆኑ በትወና ተለማመዱ። አሁን የቀረው ሁለቱንም ቡድን አንድ ዓይነት ፈተና ፈትኖ የትኛው ዘዴ እንደሚሻል ማየት ነበር።

ፈተናው ቀላል ይመስላል። አንዲት ወጣት ሚስት የወሊድ መከላከያ ልትጠይቅ ትመጣለች። አማቷም ተከትላት ትገባለች። ተፈታኙ ሚስትየዋን በጠየቀ ቁጥር የምትመልሰው አማት ናት። ተፈታኙ አማቲቱን በጨዋ ደንብ ወደ ውጭ ሸኝቶ ልጅቷን ብቻዋን ማነጋገር አለበት። አማትን ማስወጣት ያቃተው ወደቀ ማለት ነው። ለሁለቱ ሴቶች ከትወና ትምህርት ቤት ተዋንያን ተቀጥረው ነበር። ታዲያ በፈተናው ዕለት ጠዋት አማት ሆና የምትሠራዋ ተዋናይ ከደረጃ ወድቃ እግሯን ተሰበረች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ምራቲቱ ሻይ ቀድታ እትዬ ትኬት ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ዛሬ አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። አማት ሆነው ይተውኑልኝ።»

«አማት ነኝ እኮ።»

«አይ፣ ማለቴ... ነገረኛ አማት። በሰው ጉዳይ ጥልቅ የምትል፣ ምራቷን የማታናግር።»

«እኔ? ይህን እንዴት አድርጌ እችለዋለሁ የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ ትኬት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

በር ላይ ጫማውን የሚያስረው ልጃቸው «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ» ብሎ ለራሱ አጉረመረመ፤ ሳቁን ሊውጥ ሲል ትን አለው።

እትዬ ትኬት ግን እሺ ያሉት ለውለታ ብቻ አልነበረም። ሻዩን ፉት እያሉ በሆዳቸው መክረው ጨርሰዋል። ቤት ውስጥ አንዲት ቃል ሲተነፍሱ «እማዬ ደግሞ!» ነው። እዚያ ግን በጨዋታ ስም የልባቸውን ሁሉ ይናገራሉ፤ ምራታቸውም ፈተናውን ከመስታወት ኋላ ሆና ስለምትከታተል ሳትወድ በግድ ትሰማለች። ከሰማች ደግሞ መልሱ ከአፏ ሾልኮ መውጣቱ አይቀርም። ሦስት ዓመት ያጡትን ምክንያት ዛሬ ይዘው ይመለሳሉ።

«ደንቡን ልንገርዎት» አለች ምራታቸው ቦርሳዋን እያነሣች። «ተማሪው በአክብሮትና በሚያሳምን ምክንያት እንዲወጡ ከጠየቀዎት ይወጣሉ። ካላሳመነዎት አይነሡ።»

«አይነሡ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ አይነሡ።»

«ኋላ ቃልሽን እንዳታጥፊ» አሉ እትዬ ትኬት።

የፈተናው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጥግ ላይ በፎጣ የተሸፈኑ የመለማመጃ አሻንጉሊቶች። አንደኛው ግድግዳ መስታወት ነው፤ ከወዲህ ሲያዩት ፊት ያሳያል፣ ከወዲያ ሲያዩበት ግን መስኮት ነው። ከዚያ ኋላ ማርክ የሚሰጠው ወጣት ዶክተር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተቀምጧል። ማን ከየትኛው ቡድን እንደመጣ እንዳያውቅ ተደርጓል። ምራቲቱም ከጎኑ ተቀመጠች።

እትዬ ትኬት ወንበራቸውን ሞክረው ወደዱት። ጠረጴዛው ላይ ከትከሻ የተቆረጠ የፕላስቲክ ክንድ ተጋድሟል።

«ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?» አሉ።

ምራት ሆና የምትተውነዋ ልጅ ማስቲካዋን እያላመጠች «የማንም። የወሊድ መከላከያ ከቆዳ ሥር መቅበር የሚለማመዱበት ነው አሉ» አለችና ጣታቸውን ወስዳ ከክንዱ ውስጠኛ በኩል አስነካቻቸው። ከላስቲኩ ቆዳ ሥር ቀጭን ደረቅ ነገር አለች። እትዬ ትኬት ወዲያ ወዲህ አንከባለሏትና ደወል ሲደወል ተዉአት።

የመጀመሪያው ገባ። ከረባት ያሰረ ቀጭን ልጅ ነው።

«እናቴ፣ ማንኛዋም ሴት ምስጢሯ እንዲጠበቅላት መብት አላት፤ ስለዚህ...»

«እውነትህን ነው የኔ ጌታ። ምስጢሯን እኔ እጠብቃለሁ። አንተ ብቻ ለምን እንደማትወልድ ጠይቅልኝ።»

ልጁ መብቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው። እትዬ ትኬትም ከመጀመሪያው ጀምረው አመሰገኑት። ደወሉ ተደወለ።

ቀጥላ የገባችው ድምጿ ማር የሆነ ልጅ ናት። «ማዘር፣ እዚህ ይሞቃል፣ ውጭ ጥሩ አየር አለ» አለቻቸው።

«ተባረኪ። እንግዲያ መስኮቱን ክፈቺልኝ።»

ሦስተኛው ብልጥ ነው። ዘበኛው ውጭ እየጠራዎት ነው አላቸው። ምን ዓይነት ዘበኛ እንደሆነ ጠየቁት፤ ረጅም ነው አጭር? ባርኔጣ አለው የለውም? ያገባ ነው? ልጁ የሌለ ዘበኛ መልክ ሲሥል፣ ሲያጋባ፣ ልጅ ሲያስወልደው ሰዓቱ አለቀ። «አየህ፣ ዘበኛው እንኳ ወልዷል!» አሉና ወደ መስታወቱ ዞረው የአንገት ልብሳቸውን አስተካከሉ።

ሌላው ሊለማመጣቸው ሲል አለቀሱበት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ «የልጅ ልጄን ሳላይ ልሞት ነው» ብለው ሲንሰቀሰቁ ተማሪው መሐረቡን ሰጣቸው። ቀጥሎ እሱም ከሚስቱ እናት ጋር ያለበትን ጣጣ ያጫውታቸው ጀመር። ምክር ሊሰጥ የገባው ተመክሮ ወጣ። የማስቲካዋ ልጅ ፊቷን በክንዷ ሸፍና በሳቅ ትንፈራፈራለች።

ለምሳ ሲወጡ ምራታቸው ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማማ፣ ምን እየሠሩኝ ነው? አንድም ያለፈ የለም እኮ!»

«ካላሳመነዎት አይነሡ አላልሽኝም?»

«ሁለቱም ቡድን ዜሮ ከሆነ ምን ብዬ ልጽፍ ነው? አማት አሸነፈች ብዬ?»

«እውነት ከሆነ ምን ነውር አለው? ጻፊዋ።»

«በሞቴ፣ ትንሽ ላላ ይበሉላቸው። የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው።»

እዚህ ላይ እትዬ ትኬት ዝም ቢሉ በወደዱ ነበር። ምላሳቸው ግን ቀደማቸው። «እኔን ከክፍል ማስወጣት ቀላል ቢሆን ኖሮ፣ አንቺስ እቤት መንሾካሾክ ምን አስፈለገሽ?»

ምራቲቱ ክው አለች። መልስ ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ ለዚህ መልስ አይደል እንዴ የመጡት። እሷ ግን «ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል» ብላ ሄደች። እትዬ ትኬት ምሳቸው አልዋጥ አላቸው። በዚህ ዕድሜ፣ ለዚያውም በሰው መሥሪያ ቤት እንዲህ ይባላል? ደግሞ ተናደዱ፤ ምን አጠፋሁ? በዚህ ዓይነት ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ የገቡትም አልቀናቸውም። የመጨረሻው ተፈታኝ ሲቀር የማስቲካዋ ልጅ ፈጽማ ተበላሸች። እትዬ ትኬት ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በሳቅ ትፈነዳለች። ውኃ ቢሰጧት፣ ፊቷን ብትታጠብ ዋጋ የለውም። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

«አንቺ ግቢ» አላት ምራቲቱን። «የምትናገረውን የጻፍሽላት አንቺ አይደለሽ?»

ምራቲቱ ሄዳ ከአማቷ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ወንበር አዩ።

የገባው ተማሪ ከጓደኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሪዝ ያለው ሰው ነው። ባለሪዙ ይሉታል። መምህርቱን በባለጉዳይ ወንበር ላይ ሲያይ ደነገጠ።

«ቲቸር...»

«ዛሬ ባለጉዳይ ነኝ» አለች።

እትዬ ትኬት ጊዜ አላባከኑም። «ይችን ልጅ እይልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ...»

ባለሪዙ ወንበሩን ጎተተና ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። «እናቴ፣ ደክሞዎታል።»

«ተቀምጦ ምን ይደክማል?»

«እሱ ነው የሚያደክመው። ሰው ሁሉ ይውጡልኝ ይውጡልኝ ሲል ተቀምጦ መዋል።»

እትዬ ትኬት ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ከሷ በፊት እርስዎን ልስማ» አለ። «ሥራዎን ፈትተው እዚህ ድረስ የተከተሏት ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ ነገር ፈርተው ነው። ምንድን ነው የሚፈሩት?»

«ምን እፈራለሁ! እሷ ናት እንጂ...» ብለው ጀመሩ። ባለሪዙ አልተከራከረም፣ ወረቀቱንም አላየም፤ ዝም ብሎ ጠበቃቸው። እትዬ ትኬት በዚያች መስኮት ስንቱን ጉድ አይተዋል፤ እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን አላጋጠማቸውም።

«እኔ እንጃ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ቤቱ ጸጥ ሲል እፈራለሁ። ሲያወሩ ይቆዩና እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ልጅ ቢኖር... ልጅ እንኳ እኔን አይቶ ዝም አይልም ነበር።»

ጎናቸው የተቀመጠችውን ሴት ዞር ብለው ማየት አልደፈሩም።

«እንግዲያ የፈለጉት የልጅ ልጅ ብቻ አይደለም። ቤቱ እንዲያወራዎትም ነው።»

«ይመስለኛል።»

«እሺ። የእርስዎን ሰማሁ። አሁን የሷንም እንደዚሁ አድርጌ እንድሰማ ተራውን ይሰጧታል? ውጭ ጥቂት ይጠብቁኝ፤ ስጨርስ እኔው ራሴ እጠራዎታለሁ።»

መብት ቢላቸው አይሰሙም፣ አየር ቢላቸው አይሰሙም። ተራ ግን ሌላ ነገር ነው። እትዬ ትኬት በሕይወታቸው የሰው ተራ ነጥቀው አያውቁም፤ ባለሥልጣን ሲመጣ እንኳ ተራህን ጠብቅ ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሦስት ዓመት የማን ተራ ላይ ተቀምጠው እንደቆዩ አሁን ገባቸው። ሳያውቁት ቆመዋል። የአንገት ልብሳቸውን ሰብስበው ወጡ።

እግራቸው የወሰዳቸው ሻያቸውን ወዳስቀመጡበት፣ ከመስታወቱ ኋላ ወዳለው ክፍል ነው። ዶክተሩ ከወንበሩ ዘሎ ሊስማቸው ምንም አልቀረው።

«በመጨረሻ! ወጡ እኮ!»

በመስታወቱ ውስጥ ምራታቸው ስትናገር ይታያል። መጀመሪያ እንደሚያነብ ሰው ቀጥ ብላ ነበር። ኋላ አንገቷን ደፋች። እጇን ወደ ክንዷ ላከች። እዚህ ወገን ምንም አይሰማም።

«ይስሙማ!» አላቸው ዶክተሩ ማዳመጫውን እያቀበለ። «እሷ ለካ ግሩም ተዋናይ ናት፤ እውነት ነው የሚመስለው።»

ማዳመጫው እጃቸው ገባ። ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ሲያቃጭል ይሰማል። ጠዋት ሻይ ፉት እያሉ የተመኙት ይኸው በመዳፋቸው ነው፤ ጆሯቸው ላይ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው። እትዬ ትኬት እንዲህ ተፈትነው አያውቁም። እጃቸው እስከ ጉንጫቸው ድረስ ሄዷል። ከዚያ መለሱለት።

«እኔ ወጥቻለሁ» አሉ።

«እንዴ፣ እዚሁ ነዎት እኮ።»

«ወጥቻለሁ አልኩህ! ስቀመጥ እንደምቀመጠው፣ ስወጣም እወጣለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ሄደው ተቀመጡ፤ የሻያቸውን ነገርም ረሱት።

ደወሉ ሲደወል ባለሪዙ ግንባሩን እየጠረገ መጣ። ቃሉን አክብሮ ሊጠራቸው ነው።

«አንተ» አሉት፣ «ከየትኞቹ ነህ? ከሰሌዳዎቹ ነው ከትወናዎቹ?»

«ከትወናዎቹ። ግን ቲቸር እንዳትሰማብኝ፣ አማካሪ ሆኜ አንድ ቀንም አልተለማመድኩም። በልምምዳችን አማቷን የሚሠራ ጠፋ ሲባል ሁልጊዜ እኔ ላይ ይጥሉታል። ይህን ሪዝ ተሸክሜ ሻሽ ያስሩልኝና ወንበሩ ላይ ቁጭ! ሁሉም ሊያስወጣኝ ይታገላል። አንዱም ግን ምን ሆነሻል ብሎኝ አያውቅም።»

ቲቸር ግን ሰምታለች፤ ከኋላው ቆማ ነበር። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ሆኖም አፏን ከፍታ ባለሪዙን የምታየው ውድ ዕቃ ጠፍቶባት አልጋ ሥር እንዳገኘች ሰው ነው። «አማት የሆነው!» አለች። «ያለፈው አማት የሆነው ነው!» ጥናቷ ላልጠየቀችው ጥያቄ መልስ ይዞላት መጣ። ባለሪዙ ግን የተቆጣችው መስሎት ይቅርታ ይለምን ጀመር።

አመሻሹ ላይ ባልና ሚስት ሳሎን ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ። እትዬ ትኬት ከመኝታ ቤታቸው ወጡና በገዛ ሳሎናቸው በር ላይ ቆመው አንኳኩ። ልጃቸው ብድግ አለ።

«እማዬ! አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ወሬያችሁን ጨርሱ። ስትጨርሱ ጥሩኝ።»

ፊታቸውን መልሰው ሊሄዱ ሲሉ ምራታቸው ተነሣች። «እማማ» አለች፣ «ይቀመጡ።»

ቀኑን ሙሉ ኮሌጁ በሙሉ በየዘዴው ይውጡ ሲላቸው ውሎ አንዲት ፀጉራቸው አልተነቃነቀችም። ይቀመጡ ሲባሉ ግን የሚቀመጡበት ጠፋቸው። ልጃቸው ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

ምራቲቱ እጅጌዋን ጠቀለለች። የእትዬ ትኬትን ጣት ይዛ ከክንዷ ውስጠኛ በኩል አስነካቻቸው። ከቆዳዋ ሥር ቀጭን ደረቅ ነገር አለች። ጣታቸው ከጠዋት ጀምሮ ያውቃታል።

«ትምህርቴን እስክጨርስ ነው። ሁለታችንም ተማክረን የወሰንነው ነው» አለች። «ለተማሪው የጻፍኩትን ልነግረው ነበር፤ አልሆነልኝም፤ እውነቱን ነገርኩት። ከእሱ በፊት እርስዎ ሊሰሙት ይገባ ነበር።»

እትዬ ትኬት ጣታቸውን አላነሡም። «ይቺ ናት?» አሉ። «ይቺ የክብሪት እንጨት ናት ሦስት ዓመት ሰልፍ ያስያዘችኝ?»

«አምፖሉ...» አለ ልጃቸው ሊነሣ እየሞከረ።

«ተቀመጥ!» አሉት ሁለቱ ሴቶች ባንድ አፍ። ተቀመጠ።

እትዬ ትኬት ወንበራቸውን ጎትተው ፊታቸውን ወደ ምራታቸው አዞሩ። «እሺ፤ ይህን ለመናገር ምን ከለከለሽ? ምንድን ነበር የምትፈሪው?» ብለው እንደ ባለሪዙ ዝም አሉ። ዝም ማለቱ እንዴት ይከብዳል!

«እርስዎን ነዋ!» አለች ምራቲቱ።

የእትዬ ትኬት መልስ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል። የመናኸሪያው መስኮት መልስ ነው፤ ተናግረውት ያልተኮማተረ ሰው የለም። እንደምንም ዋጡትና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

«ተራሽ ነው» አሉ። «ቀጥዪ።»